ቆመው የለመኑት ክሬዲት

ሳጉሬ ውስጥ ሰው ከሰው ከተጋጨ ጋሽ ገብረ መድህን ሳይጠሩ ነገሩ አይበርድም። ባልና ሚስት ቢኳረፉ እሳቸው፣ ወንድማማች በአጥር ቢጣሉ እሳቸው፣ የሰው በሬ የሰው ገብስ ውስጥ ቢገባ እሳቸው። መሬት አላቸው፤ ስንዴና ድንች ያመርታሉ፣ በገበያ ቀን እህል ይሸጣሉ። ግን ሥራዎ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቃቸው ቢኖር ከልባቸው የሚመልሱት «ማስታረቅ» ብለው ነው። አያታቸው ከመንዝ መጥተው ጭላሎ ተራራ ሥር የቀሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ግን አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል አፋቸውን የፈቱበት ስለሆነ ምርቃቱን ባንዱ ጀምረው በሌላው ይጨርሱታል። ሽምግልና በሉት ጃርሱማ፣ ለሳቸው ያው አንድ ሙያ ነው።

ልመናቸውም የራሱ ሥርዓት አለው። ብቻቸውን አይሄዱም፤ ሃጂ አማንን ይዘው ነው። ሃጂ አማን ማለት ጎረቤታቸው፣ የልብ ወዳጃቸው፣ ፈረስ የሚወዱ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ አጭር፣ ሲመርቁ ረጅም። ሁለቱ በር ላይ ደርሰው ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። «ግቡ» ሲባሉ ይገባሉ። «ተቀመጡ» ሲባሉ ግን ወይ ፍንክች! «የመጣንበትን ካልሰጠኸን አንቀመጥም» ይላሉ ጋሽ ገብረ መድህን። የኛ አገር ሰው ደግሞ ሽማግሌ ቤቱ ውስጥ ቆሞ እያየ ዝም ማለት አይሆንለትም። ላብ ላብ ይለዋል፣ ወንበር ይጎትታል፣ ሚስቱን በዓይኑ ይፈልጋል፣ ከዚያ «በቃ ይሁን፣ ስለናንተ ስል» ብሎ ይገላገላል።

አንድ ጊዜ፣ የመኸር ሰዓት ነው፣ ሰማዩ ጠቁሮ የዝናቡ ነገር አላምር ብሎ ሳለ፣ አንድ ባለ ኮምባይነር ባሏ ለሞተባት ለእታገኘሁ ተራ አልሰጥም አለ። ማሳዋ ትንሽ ነው፣ ማሽኑን ማዞር አያዋጣኝም ነው የሱ ነገር። ጋሽ ገብረ መድህንና ሃጂ አማን ሄደው ማሽኑ ፊት ቆሙ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ተሳደበ፣ ሞተሩን አስጓራ። እነሱ ንቅንቅ የለ። በመጨረሻ ባለቤቱ ራሱ እየሮጠ መጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ የእታገኘሁም ስንዴ ዝናብ ሳይነካው ገባ። እንዲህ እየሆነለት ያረጀ ሰው፣ ቆሞ ተለምኖ የማይገኝ ነገር በዚህ ዓለም ላይ አለ ብትሉት ምን ይላችኋል? ይስቅባችኋል እንጂ ሌላ ምን ይላል!

የጋሽ ገብረ መድህን ኩራት ታዲያ መቅደላዊት ነበረች። ከልጆቻቸው መሃል ትምህርት የሚገባት እሷ ነበረች። ወደ ሰሜን፣ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ደርሷት አካውንቲንግ ስታጠና ሁለተኛ ዓመቷን በጥሩ ውጤት ጨርሳለች። ከዚያ የሆነው ሆነ፤ አገር ታመሰ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ተማሪ በያቅጣጫው ተበተነ። መቅደላዊትም አንድ ብርድ ልብስና ውጤቷ የተጻፈበትን ስቱደንት ኮፒ ይዛ ሳጉሬ ገባች። እናቷ ተሻለች አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «ነፍስሽ ከተረፈ ትምህርቱ ገደል ይግባ!» አለች። የእናት ነገር፣ ይሄን ያለችው ያን ቀን ብቻ ነው። ወራት ሲቆጠሩ እሷም «ልጄ ተምራ ተምራ ድንች ኮትኳች ልትሆን ነው?» ማለት ጀመረች።

ከዓመት በላይ ቤት ከተቀመጠች በኋላ አሰላ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ከሌላ ቦታ ተዛውረው የሚመጡ ተማሪዎችን ይቀበላል ተባለ። ስሙን አልጠራም፣ ጠርቼስ ምን ላተርፍ! ከፋርማሲ በላይ ሁለት ፎቅ ተከራይቶ የሚያስተምር ኮሌጅ ነው። ጋሽ ገብረ መድህን ልጃቸውን ይዘው በሚኒባስ ሄዱ። የተዘዋዋሪ ተማሪዎች አማካሪ ተብሎ የተመደበው እዮኤል የሚባል መምህር ነበር፤ ከደቡብ የመጣ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣ ሰው እንዳይከፋው እየተጠነቀቀ የሚናገር ወጣት። የመቅደላዊትን ወረቀት ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ጎበዝ ነች። ይሄ ግሬድ ያኮራል» አለ። «ግን አንድ ችግር አለ። ይሄ የተማሪ ቅጂ ነው። ዋናው ትራንስክሪፕት ታሽጎ ከዚያኛው ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለኛ መላክ አለበት። እሱ ካልመጣ የሁለተኛ ዓመት ኮርሶቿን ክሬዲት መያዝ አይቻልም፤ የአንደኛ ዓመቱን የጋራ ትምህርት ግን በዚህ ቅጂ እንቀበላለን።»

«ዩኒቨርሲቲው እኮ ተዘግቷል። ማን ይላከው?»

«ልክ ነው። ስንት ጊዜ ጻፍንላቸው፣ መልስ የለም። የመዝገብ ክፍሉ ራሱ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም።» እዮኤል ወደ መቅደላዊት ዞረ። «ለዚህ ነው በቅድመ ሁኔታ የምንቀበልሽ። ሦስተኛ ዓመት ገብተሽ ትማሪያለሽ። ጎን ለጎን ደግሞ የሁለተኛ ዓመቶቹን ኮርሶች ከኋላሽ ካሉት ልጆች ጋር እንደገና ትወስጃለሽ። አሁን እየተሰጡ ስለሆነ ይመቻል። ይከብድሻል፣ ግን ትችይዋለሽ። ምዝገባው እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ክፍት ነው።»

መቅደላዊት ዓይኗ በራ። «እወስዳቸዋለሁ» አለች ወዲያው። ከዓመት በላይ ቤት የከረመች ልጅ፣ እንኳን የሁለት ሰው ትምህርት የአራት ሰውም ቢሏት እሺ ነበር መልሷ።

ጋሽ ገብረ መድህን ግን ደማቸው ፈላ። ፎቁን ሲወርዱ ጀምሮ ሚኒባሱ ሳጉሬ እስኪደርስ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሉት። «የበላሽውን እንጀራ እንደገና ብይ ይባላል? ተምራ፣ ተፈትና፣ አልፋ! ወረቀቱ በእጇ ላይ እያለ! ልጄ ሌባ ናት እንዴ? አጭበርባሪ ናት?» መቅደላዊት «አባባ፣ ሕጉ ነው እኮ፤ ለሁሉም ተማሪ ነው» ብትላቸው «ሕግ የሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ይለመናል» አሏት። በዚህ ጉዳይ ከሳቸው ጋር መከራከር ማለት ከጭላሎ ጋር መገፋፋት ነው።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ገብረ መድህን ነጭ ጋቢያቸውን አድርገው፣ ሃጂ አማንና ሌሎች የተከበሩ ሽማግሌዎችን አስከትለው ኮሌጁ ደረሱ። ደረጃውን ሲወጡ ተማሪው ሁሉ ለጥ እያለ እጅ ነሳ። እዮኤል ቢሮ ማለት ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የፈተና ፕሮግራም። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ሞሏት። ልጁ ብድግ ብሎ «ተቀመጡ አባቶቼ» አለ፤ ከጎረቤት ቢሮ ወንበር ሊያስመጣም ተጣደፈ።

«አንቀመጥም ልጄ» አሉ ጋሽ ገብረ መድህን ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው። «የመጣነው ልንለምንህ ነው። ይቺ ልጅ የኔ ብቻ አይደለችም፣ የነዚህ ሁሉ ልጅ ናት። የለፋችበትን ያዝላት። እሺ ካልከን እንቀመጣለን፤ ካላልከን እዚሁ ቆመን እንውላለን።»

እዮኤል ሊያስረዳ ሞከረ። ስለ መመሪያው ተናገረ፣ ስለታሸገው ትራንስክሪፕት ተናገረ፣ «ከኔ አቅም በላይ ነው» አለ። እነሱ እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ግን አይቀመጡም። ኮሪደሩ ላይ ተማሪ ተሰበሰበ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የጉልበት ሕመምተኛ ናቸው፤ ግድግዳ ደገፍ አሉ፣ እግራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እዮኤል ይሄን አየ። ሃጂ አማን በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው «ልጄ፣ አባት አለህ?» አሉት። «አለኝ» አለ። «እሱ እንዲህ ቢቆም ደስ ይልሃል?» አሉት።

እንግዲህ ፍረዱት። እኔ ብሆን ምን እል ነበር? እናንተስ? ልጁ ፊቱ ቀላ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ይደረጋል። ኮርሶቹ ይያዙላታል። አሁን በእግዚአብሔር ተቀመጡልኝ።»

ተቀመጡ። ሃጂ አማን እጃቸውን ዘርግተው ረጅሙን ምርቃት አወረዱት፤ ዘርህ ይብዛ፣ ከፍ በል፣ ክፉ አይንካህ አሉት። እዮኤል አንገቱን ደፍቶ «አሜን፣ አሜን» እያለ ተቀበለ። ላቡን በመሃረብ ሲጠርግ ጋሽ ገብረ መድህን አዩት፤ የምርቃቱ ደስታ መሰላቸው።

ገና ደረጃው ላይ ሳሉ ነው ስልካቸውን አውጥተው ለመቅደላዊት የደወሉት። «አልቋል! ኮርሶቹ ተይዘውልሻል። የሁለተኛ ዓመቶቹን እንዳትመዘገቢ! እንደገና ብትመዘገቢማ ቃሉን አላመንኩም ማለትሽ ነው፤ ሽማግሌ መናቅ ይሆናል።» የምዝገባው ክፍያም ከሳቸው ኪስ ስለሚወጣ፣ እሳቸው አትመዘገቢም ካሉ አትመዘገብም፤ በቃ።

ያን ሳምንት ሳጉሬ ሌላ ወሬ አልነበራትም። «ጋሽ ገብረ መድህን ኮሌጁን ረቱት!» ተባለ። ልጁ የተበተነበት ወላጅ ሁሉ «ለኔም ይሂዱልኝ» እያለ ይመጣ ጀመር። ተሻለች ገብስ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በቅቤ ለውሳ ጩኮ ሠርታ ለመምህሩ ላከችለት፤ ጉቦ እንዳይባል ደግሞ ነገሩ ካለቀ በኋላ መሆኑን ለሰው ሁሉ እየተናገረች። ቅዳሜ መቅደላዊት ትምህርት ከጀመረችበት ከአሰላ ስትመጣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ አገኘች። ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ አባቷ አጠገብ ሄዳ «አባባ፣ ስለ ኮርሶቹ ላነጋግርዎ ነበር» አለች።

«ምን ስለ ኮርሶቹ? ተይዘዋል አልኩሽ እኮ! ይልቅ ነይ አጎቶችሽን ሳሚ» አሉና ወደ እንግዶቹ ዞረው «ፈረንጅ ቢሮ ብትገቡም ያው ሰው ነው ያለው» ብለው ሳቁ። ሰዉም አብሮ ሳቀ። መቅደላዊት ፈገግ ብላ አጎቶቿን ሳመች። ማታ ራት አልበላችም፤ መንገዱ አድክሟት ነው ተባለ።

ከዚያ ጊዜው ነጎደ። መቅደላዊት ሦስተኛ ዓመቱን ተማረች፣ አራተኛ ገባች። ጋሽ ገብረ መድህን አሰላ በሄዱ ቁጥር ኮሌጁ ጎራ ይላሉ፤ እዮኤል አንዴ ክፍል ነው፣ አንዴ ስብሰባ ነው፣ አንዴ አሁን ወጣ ይባላል። ሲያገኙትም «እየታየ ነው ጋሼ፣ አይስጉ» ይላል፣ ዓይኑ ግን መሬት መሬት ያያል። አንድ ቀን ሁለቱ ሽማግሌዎች አሰላ መናኸሪያ አካባቢ ሲሄዱ እዮኤል ከሩቅ አያቸውና መንገድ ተሻግሮ አንድ ጎሚስታ ቤት ገባ። መኪና የሌለው ሰው ጎሚስታ ቤት ምን ይሠራል! ሃጂ አማን ቆም ብለው «ገብሬ፣ ይሄ ልጅ ሸሸን» አሉ። ጋሽ ገብረ መድህን ተቆጡ። «አላየንም ነው እንጂ! የተመረቀ ሰው ይሸሻል እንዴ?» ሃጂ አማን ሁለተኛ አላነሱትም።

በመሃሉ ኮሌጁ ራሱ ተንገዳገደ። አዲስ ተማሪ እንዳይቀበል ተከለከለ፤ ያሉትን ብቻ አስጨርስ ተባለ። ከመቅደላዊት ኋላ የነበሩት ወደ ላይ አለፉ፣ ከነሱ በታች ሰው የለም። እዮኤልም ደሞዝ ሲቆራረጥበት ጊዜ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ሄደ። ጋሽ ገብረ መድህን ሲሰሙ «ሳይሰናበተኝ!» ብለው ቅር አላቸው። ቅር ያላቸው ይሄ ብቻ ነበር፣ አያሳዝንም?

ከዚያ የመውጫ ፈተና ምዝገባ መጣ። ይሄን ፈተና ያልወሰደ አይመረቅም። የክፍል ጓደኞቿ ሁሉ ሲመዘገቡ የመቅደላዊት ስም የለም። ደውላ «ስሜ አልወጣም» አለቻቸው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፣ አላለቀሰችም፤ ገበያ ውስጥ ድንች ረከሰ እንደሚል ሰው ነው የነገረቻቸው። ጋሽ ገብረ መድህን ይሄ ራሱ ግር አላቸው፤ «ደንግጣ ነው» ብለው ለራሳቸው መልስ ሰጡ። በማግስቱ ሽማግሌዎቻቸውን ሰብስበው አሰላ ገቡ።

አሁን የመዝገብ ክፍሉን የያዘችው ሰሎሜ የምትባል ሴት ናት። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ተደርድረው በሯ ላይ ሲቆሙ ከኮምፒዩተሩ ላይ ቀና አለችና ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። ባለጌ አልነበረችም፤ ባለጌ ብትሆን ኖሮ እንኳን ተቆጥቶ መውጣት ይቻል ነበር። ወንበር ከየክፍሉ ራሷ ተሸክማ አመጣች።

«አንቀመጥም ልጄ» አሉ ጋሽ ገብረ መድህን። «ቃል ተሰጥቶን ነበር። ቃላችንን ስጪን።»

«ማን ነው ቃል የሰጣችሁ?»

«መምህር እዮኤል። እዚሁ ኮሌጅ፣ በኛ ሁሉ ፊት።»

ሰሎሜ ወደ ኮምፒዩተሯ ዞር አለች። «አባቴ፣ መምህር እዮኤል ክሬዲት የመያዝ ሥልጣን አልነበረውም። እኔም የለኝም። የልጅዎትን ፋይል እያየሁት ነው፤ የሁለተኛ ዓመቱ ባዶ ነው። ያኔ ተመዝግባ ወስዳቸው ቢሆን ኖሮ አሁን ትፈተን ነበር። ለምን አልወሰደቻቸውም?»

ጋሽ ገብረ መድህን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሁን፣ አሁን ትውሰዳቸው። ዓመት ትጨምር። እሺ ብለናል።»

«ሁለተኛ ዓመት የሚባል እኮ የለንም አባቴ። ተማሪ ስለሌለ ኮርሱ አይሰጥም፣ መምህርም የለም። ሌላ ኮሌጅ ብትሄድ ደግሞ፣ እነሱም መጀመሪያ የሚጠይቋት ያንኑ የታሸገ ትራንስክሪፕት ነው። እሱ ከሌለ ከአንደኛ ዓመት ጀምሪ ነው የሚሏት። እዚህ የተማረችውም መሠረቱ ስላልተያዘ አያገለግላትም።»

«ታዲያ የሚለመነው ማነው? የበላይሽ ማነው? ዲኑ ነው? እሱ ጋ ውሰጂን፣ አዲስ አበባ ከሆነም እንሄዳለን፣ በእግራችንም ቢሆን!»

ሰሎሜ መልስ ለመስጠት አልቸኮለችም። ከልቧ አሰበችበት፤ እውነትም የሚለመን ሰው ካለ ልታገኝላቸው ፈልጋ በዓይኗ ጣራውን፣ መስኮቱን፣ ኮምፒዩተሩን ዞረች። «የሚለመን ሰው የለም አባቴ» አለች ቀስ ብላ። «ሰው ቢሆን እኔው እለምንላችሁ ነበር። ውጤት ካልገባ መዝገቡ አይቀበልም፣ በቃ።»

ጋሽ ገብረ መድህን ቆመው ቀሩ። ሌሎቹም ቆሙ። እሷ ደግሞ ብዙ ተማሪ እየጠበቃት ነበርና፣ «ይቅርታ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ በጎናቸው እየተሹለከለኩ ልጆች ወረቀት ያቀብሏታል፣ ማህተም ትመታለች፣ ትመልሳለች። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም፤ ሽማግሌ ቆሞ፣ ሥራ አልተቋረጠም። በስተመጨረሻ ሃጂ አማን ወንበሩን ሳብ አደረጉና ተቀመጡ። ጋሽ ገብረ መድህን ዞረው አዩዋቸው፤ ሃጂ አማን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። የቀሩትም አንድ ባንድ ተቀመጡ። ምርቃት የለም፣ አሜን የለም። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ተነሱና ደረጃውን ወረዱ።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ እንደ ወትሮው «ጋሼ፣ ዛሬ ማንን አስታርቀው መጡ?» ብሎ ሊቀልድ ጀመረና ፊታቸውን አይቶ አፉን ዘጋ። መንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴው አሽቷል፣ ያምራል፤ ጋሽ ገብረ መድህን ግን አላዩትም። ለልጃቸው የሚነግሩበትን ቃል ነበር የሚፈልጉት። ለሰው የልጁን ሞት ሲያረዱ የኖሩ ሰው፣ ባሏ ሌላ አገባ ብለው ለሴት የነገሩ ሰው፣ ለገዛ ልጃቸው የሚሆን ቃል አጡ።

ቤት ሲደርሱ ተሻለች በር ላይ ነበረች። ፊታቸውን አየችና ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። መቅደላዊት ጓሮ ናት፤ ለዘር የሚሆነውን ድንች ከበሰበሰው እየለየች ወደ ቅርጫት ታስገባለች። ጋሽ ገብረ መድህን አጠገቧ ባለው ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«መቅዲ» አሉ። «አልሆነም። ልጁ ዋሽቶኝ ነው።»

«አውቃለሁ አባባ» አለች እጇን ሳታቋርጥ።

«ማን ደውሎ ነገረሽ?»

«ማንም። ያኔውኑ ነው የማውቀው።»

ጋሽ ገብረ መድህን አልገባቸውም። ያኔ የሚለው መቼ እንደሆነ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደመቻቸው።

«እናንተ ቢሮው በመጣችሁ ማግስት መምህር እዮኤል አስጠራኝ። ‹አባትሽን እምቢ ማለት አቃተኝ፤ አንቺ ንገሪያቸው፣ ምዝገባው ሳይዘጋ ኮርሶቹን ተመዝገቢ› አለኝ። ለመነኝ። ልነግርዎ ቅዳሜ መጣሁ። ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። ሁሉም እየመረቀዎት፣ እርስዎ እየሳቁ።» አንድ ድንች አገላብጣ አየችና ወደ ቅርጫቱ ጣለችው። «እሁድ ልንገርዎ አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰው ሁሉ እጅዎን ሲስም አየሁ። ሰኞ ምዝገባው ተዘግቶ ነበር።»

«ልጄ! ታዲያ ለምን ጎትተሽ አትነግሪኝም ነበር? በሰው ፊትስ ቢሆን!»

«እርስዎን ማሳፈር አቃተኝ።» አሁን ገና ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይኗ ደረቅ ነው፤ ለቅሶውን ሁሉ ድሮ ብቻዋን ጨርሳዋለች። «አልነገርኩዎትም እንጂ ሁለቱን ዓመት ሁሉ እያወቅኩ ነው የተማርኩት። ማታ ማታ ሳጠና ‹ይሄ ለምን ይጠቅመኛል› እላለሁ፤ ደግሞ መንገዱ ይከፈት ይሆናል፣ ወረቀቱ ይመጣ ይሆናል እላለሁ። አልመጣም። በቃ አባባ፣ አይዘኑ።»

አይዘኑ አለቻቸው። እሷ! ጋሽ ገብረ መድህን ዕድሜ ልካቸውን ይቅር በለው፣ ይቅር በያት፣ ስለኔ ስትል ተወው ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ያ ሁሉ ልመና ግን ለሌላ ሰው ጥፋት ነበር። ይቅር በይኝ ሊሉ ፈለጉ፤ አፋቸው አልታዘዝ አለ። ምላሳቸው ላይ ያለው ቃል ሁሉ ለሰው የሚያበድሩት ነው የመሰላቸው፣ የራሳቸው የለም።

እጃቸውን ሰደው እሳቸውም ድንች መለየት ጀመሩ። እንባቸው እየጋረዳቸው የበሰበሰውን ከደህናው ጋር ይጨምሩታል። መቅደላዊት እያየች፣ እጃቸውን ሲመልሱ ጠብቃ የጣሉትን ቀስ ብላ ታወጣው ነበር።